የጋሽ ዝምታ ምላጭ

ላስቲኩ ፊሽሽ ብሎ ተነፈሰና የሳሙናው አረፋ ጎሚስታው ፊት ላይ ተረጨ።

«ይኸኛውም ደንበኛ ከነጢሙ ሄደ፤» አሉ የሚስቱ አባት ጋሽ ዝምታ፣ በተደራረቡ አሮጌ ጎማዎች ላይ እንደተቀመጡ። «አፈር ይቅለለው። ሌላ አስገባ።»

ጎሚስታው ፊቱን በክንዱ ጠርጎ የተኮማተረውን ላስቲክ ወደ ጥግ ወረወረው። ከማለዳ ጀምሮ ስንቱን እንደበሳ መቁጠር ትቷል። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ዛሬ በገዛ እጁ ቀዳዳ ሲያመርት መዋሉ፣ ነገሩ ባያስጨንቀው ኖሮ ራሱንም ባሳቀው ነበር። የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ይወስድና እንደ ሰው ጉንጭ እስኪወጠር ይነፋዋል፤ ከዚያ ሳሙና በብሩሽ አረፋ አድርጎ ይቀባዋል፤ በመጨረሻም አረፋውን በምላጭ ገፎ ላስቲኩን ሳይነካ ለመውጣት ይሞክራል። ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ሲሰሙ ሳቁበት፤ ቆየት ብለው ግን እሳቸውም ሙያውን የተማሩት በፊኛ ላይ እንደነበር ትዝ ሲላቸው፣ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው በጓሮ በር ወደ ጎማ ቤቱ መጡ።

ምላጩ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ በጋሽ ዝምታ እጅ አርባ ዓመት ያገለገለ ነው። የሌላ ሰው ምላጭ ጫፉ ክብ ይሆናል፤ የእሳቸው ግን እንደ እሾህ የሾለ ነው። ከጆሮ ሥር ያለችውን መስመርና ከአፍንጫ በታች ያለችውን ስርጉድ እንደዚህ ጫፍ አድርጎ የሚያጠራ የለም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው እጅ ሲሆን።

ችግሩም የመጣው ከዚያው ከእጃቸው ነው። ካቻምና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለሰው «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አሉና የፀጉር ማስተካከያ ሱቃቸውን ዘጉ። እቤት ግን የራሳቸውን ጢም ራሳቸው መላጨታቸውን አልተዉም፤ አንድ ቀን ጠዋት ጉንጫቸው ተሰንጥቆ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ደም ነክቶት ለቁርስ ቀረቡ። ምን ሆነህ ነው ሲባሉ የትራሱ ቁልፍ ጫረኝ አሉ። ትራሱ ቁልፍ እንደሌለው ትልቋ ልጃቸው፣ የጎሚስታው ሚስት፣ ታውቃለች፤ የትራሱን ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት። ያን ዕለት ምላጩን ወስዳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደበቀችው። እሳቸውም አልጠየቁም። ጢማቸው ግን እዚህም እዚያም ነጭ ሆኖ በቀለ፣ በበቀለም መጠን ከቤት መውጣት ቀነሱ፤ በመጨረሻ እንኳን ሌላ ቦታ፣ ጋዜጣ ለመግዛት እስከ ማዕዘኑ መሄድም ተዉ።

ነገ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸው በነርስነት ትመረቃለች። እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ በእሳቸው ሱቅ ወንበር ሥር ስትጫወት ያደገች ልጅ ናት። ዛሬም ስትመጣ መጀመሪያ የምትስመው ጉንጫቸውን ነው፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለህ ትላቸዋለች። ጋሽ ዝምታ ከሦስት ቀን በፊት ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ በዚህ ፊት ሰው መሐል አልቀመጥም፣ እዚሁ ሆኜ እመርቃታለሁ አሉ። በማሽን እናስተካክለው ቢባሉ ማሽን ለበግ ነው አሉ። ፀጉር ቤት እንውሰድህ ሲባሉ ሻርፓቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካዮች ግማሾቹ እሳቸው ያሠለጠኗቸው ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ጢማቸውን ሳይሆን በወንበሩ ክንድ ላይ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ነው። ይህን በቃል ያለው የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ትልቋ ልጃቸው ምላጩን ከተደበቀበት አውርዳ ሞከረች። ገና ጉንጫቸውን ስትነካ እንባዋ መጣ፤ እሷን አይተው የእሳቸውም መጣ። ሁለት የሚያለቅሱ ሰዎች መሐል ምላጭ ምን ያደርጋል ተባለና ታጠፈ። ከዚያ በኋላ በቤቱ የቀረው ወንድ ጎሚስታው ብቻ ነበር።

አማቻቸው ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው። ልጃቸውን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር ያዩት፤ በጥፍሮቹ ዙሪያ ያለውን ጥቁረት አይተው «እነዚህ እጆች ሳሙና የሚባል ነገር ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። በኋላ ፈቀዱ፤ ከሠርጉ ወዲህም አብረው መኖር ጀመሩ። ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ጥሩውን ወንበር እርስ በርስ ይለቃቀቃሉ፣ ከዚያ ወሬ ያልቅባቸዋል። ሽማግሌው እስከ ዛሬ «ጎሚስታ» እንጂ ሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም፤ እሱም በሆዱ አንድ ቀን ሌላ ነገር ቢሉኝ ይል ነበር።

አዲስ ላስቲክ ነፋ። አረፋውን እየቀባ፣ ከማለዳ ጀምሮ ምላሱ ጫፍ ላይ የነበረውን ነገር አወጣው።

«አባባ፣ ስለቱኮ አላስቸገረኝም። ሁልጊዜ የሚበሳብኝ ጫፉ ነው። እሱን በሞረድ ትንሽ ብቻ ብናዶለዱመውስ?»

«በምን?»

«በሞረድ።»

ጋሽ ዝምታ ሻርፓቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «የጎማ ሞረድ የነካው ምላጭ የእኔን ጉሮሮ አይነካም። ይህን ጫፍ እኔ በወር በወር ነው የማሾለው። ፈርተኸው ከሆነ ልመደው።»

ጎሚስታው ሁለተኛ አላነሳውም። እሳቸው ግን ቁጣቸው ቶሎ በረደና ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ስለት ባለጌ ነው አሉ፤ የሚልህን ፊት ለፊት ይልሃል፣ አንተም ትጠነቀቀዋለህ። ጫፍ ግን ሐሜተኛ ነው፤ አንተ ስለቱን እያየህ እሱ በጎን ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ምላጩን ከማንቀሳቀስህ በፊት ጫፉ የት እንዳለ እወቅ። ቆዳውን በግራ እጅህ ወጥር። ምላጩን አታቁመው፣ አስተኛው። አጭር አጭር አድርገህ ሂድ። ስትጨርስ መጀመሪያ ምላጩን ከፊት አርቀው፣ ከዚያ ነው አንጓህን የምታዞረው። ክርንህን ከፍ አድርግ፤ ክርን ሲወርድ ጫፍ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሬ የለም፤ ላጪውም ተላጪውም ዝም ይላል። በሱቃቸው ግድግዳ ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ጽሑፍ አርባ ዓመት ተሰቅሎ ነበር። ምላጭ በሥራ ላይ ሳለ አፉን የከፈተ ደንበኛ ባለሥልጣንም ቢሆን ግማሽ ፊቱን አረፋ እንደለበሰ ይቀመጣል እንጂ ሥራው አይቀጥልም። ስማቸውም የወጣው ከዚያ ነው።

መሐል ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር ጎማ ሊያስነፋ መጣ። ጋሽ ዝምታ ሻርፓቸውን ወደ ላይ ስበው እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ደበቁ። ሹፌሩ አረፋ የለበሰውን ላስቲክ ትክ ብሎ አየና ምን እያደረጋችሁት ነው ሲል፣ ጎሚስታው ሳይስቅ ሙሽራ ነው አለው። ሽማግሌው በሻርፑ ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጎሚስታው እሳቸውን ሲያስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሹፌሩ ከሄደ በኋላም ደስታው ቆየበት።

የሚቀጥለው ላስቲክ አልተነፈሰም። አረፋው ተገፎ አለቀ፣ ላስቲኩ እንደተወጠረ ቀረ። ሽማግሌው ጎሽ ሊሉ ሲሉ ጎሚስታው ብድግ አድርጎ ለጎማ መፈተሻ በሚያገለግለው የውሃ በርሜል ውስጥ ነከረው። ከአንድ ጎኑ ደቃቅ የአየር አረፋ እየተከታተለ ወጣ።

«በስቼዋለሁ፤» አለ።

«እኔ እንኳ አላየሁትም፤» አሉ ጋሽ ዝምታ። ጎንበስ ብለው አረፋዋን ተመለከቱ። «ይኸ ደንበኛ ቤቱ ገብቶ ነው የሚደማው። ማን ንከረው አለህ?»

«ልማድ ነው፤ ሳልነክር ጨረስኩ አልልም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ንፋ አሉት። ያኛው ተላጭቶ ሲነከር ከውሃው ምንም አልወጣም። ጋሽ ዝምታ ከጎማዎቹ ላይ ተነሡ፣ ቤት እንሂድ አሉ፤ ጉንጭና ጉንጬን ብቻ፣ የጉሮሮዬን ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን ብለውም አስጠነቀቁት።

ጎሚስታው በናፍጣ፣ በዱቄት ሳሙና፣ በመጨረሻም በሚስቱ የገላ ሳሙና እጁን ታጠበ። ቆዳህ ይላጣል፣ በቃ እስክትለው ድረስ ፈተገ። እሷ የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ዓይኗ ግን ወንበሩ ላይ ነው። በመስኮቱ አጠገብ አባቷ ፎጣ ለብሰው ከመስታወት ፊት ተቀምጠዋል። ሁለቱንም እጃቸውን ፎጣው ሥር ከተዋቸዋል፤ ፎጣው ግን ስለእነሱ ይናገራል።

ጎሚስታው እጁን ዘርግቶ አሳያቸው። ገለባብጠው አዩለት።

«ዛሬስ ከሳሙና ጋር ተዋወቁ፤» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን መስታወቱ ላይ ተክለው ዝም አሉ።

በሞቀ ፎጣ ጢሙን አለሰለሰ፣ አረፋውን ቀባ፣ የቀኝ ጉንጫቸውን በግራ አውራ ጣቱ ወጠረ። የእኚህን ሰው ፊት ነክቶ አያውቅም። ቆዳቸው ካሰበው ይልቅ ስስ ነው፣ ሙቅ ነው። ከጆሯቸው በታች ትንሽ ጥቁር ነጥብ አላቸው፤ ሚስቱም እዚያው ቦታ ላይ እንደዚያው አላት፤ ሰባት ዓመት አብሮ ሲበላ ልብ አላላትም ነበር። አፈረም፣ ደስም አለው፤ የሚያውቀው ሰው ፊት ሆኖ አገኘው። ምላጩን አስተኝቶ ወደ ታች ሳበ። ነጩ ጢም ከነአረፋው ተገፎ ንጹሕ ቆዳ ብቅ አለ። አርቆ፣ አንጓውን አዙሮ፣ ትከሻው ላይ ባነገተው ፎጣ ምላጩን ጠረገ። እንደገና ሳበ። ትንፋሻቸው በእጁ ላይ ሲያርፍ ይሰማዋል፤ እየቆየም ረጋ አለ። ጉንጩ አለቀ፤ የአረፋ ምልክት የቀረው ከጆሮ ሥር ብቻ ነው።

እዚያ ሲደርስ ጋሽ ዝምታ በመስታወቱ ውስጥ ክርኑ ቀስ እያለ ሲወርድ አዩ። አርባ ዓመት ሙሉ ተለማማጅ ያረሙበት አፍ ምላጭ ከፊቱ ይኑር አይኑር አልጠየቀም።

«ክርንህን…»

መንጋጋቸው ተንቀሳቀሰ። ጆሯቸው ወደ ምላጩ መጣ፤ ጫፉም ለስላሳውን የጆሮ ጫፍ ወጋው። ደሙ ወዲያው በነጩ ፎጣ ላይ ተንጠባጠበ።

«አባዬ፤» አለች ልጃቸው፣ ካውያውን ጥላ መጣች። ጥጥ አንሥታ ጆሯቸው ላይ ጫነች፣ ፊቷ ጠቁሯል። ይበቃል አለች፤ ፀጉር አስተካካይ ለሆነው ለሥራ ባልደረባዬ ወንድም ልደውልና በማሽኑ ያስተካክልህ፣ የቀረውን ሻርፕ ይሸፍነው።

ጎሚስታው ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አሁን የሚንቀጠቀጠው የእሱ እጅ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። እኔ ይህን አልችልም። ጎማ ቢበሳ እለጥፈዋለሁ፤ ሰው እንዴት ይለጠፋል?» ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፣ ወደ በሩም ዞረ።

ጋሽ ዝምታ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ያዩታል። ግማሽ ፊቱ የጥንቱ ነው፣ ግማሹ የመናኝ፤ ጆሮው ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል። ከሆዳቸው ቀስ ብሎ ሳቅ መጣ።

«ና ተመለስ። ማን ነው የተናገረው?»

ጎሚስታው ቆመ።

«እርስዎ ነዎት፤» አለ። «ግን ክርኔም ወርዶ ነበር።»

«ወርዶ ነበር። ባልናገር ግን ወርዶም ባልወጋኝ።» ሳቃቸው ቀረ። «ስንቱን ሰው አፍህን ዝጋ ስል ኖሬ፣ ወንበሩ ላይ በተቀመጥኩ በመጀመሪያው ቀን… ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸ ነው።»

ከፎጣው ሥር ቀኝ እጃቸውን አወጡና ምላጩን ከጠረጴዛው አነሡ። ልጃቸውና ባሏ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። ሽማግሌው ግን ወደ ፊታቸው አላስጠጉትም። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ይዘው፣ እንደ እሾህ የሾለውን ጫፍ በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አሁን ሊያጥፉት ነው አለ ጎሚስታው በልቡ። ነገ በምረቃው አዳራሽ ከእነሱ መሐል ባዶ የሚቀረው ወንበር ታየው፤ ያቺ ልጅ ዓይኗን እያንከራተተች ስትፈልጋቸውም ታየችው፤ ሁሉም በእሱ ክርን ምክንያት።

«ሣጥኔ ውስጥ ያለውን ድንጋይ አምጪልኝ፤» አሉ ለልጃቸው።

«የምትስልበትን? አባዬ፣ እጅህኮ…» አልጨረሰችውም።

«እጄ ምን? በይው።» ማንም ስላላለው ራሳቸው አሉት። «እጄ ይንቀጠቀጣል። ለመሳል የጸና እጅ ይፈልጋል፤ እውነትሽን ነው። ለማዶልዶም ግን ይኸ እጅ ይበቃል። ይባስ ብሎ ሳልለፋ ራሱ ይሄድልኛል።»

ድንጋዩ መጣ። ውሃ አርከፍክፈው ጫፉን አስነኩት፤ እጃቸው መንቀጥቀጡን ቀጠለ፣ ምላጩም በድንጋዩ ላይ ጭር ጭር ማለት ጀመረ። ድንጋዩ ከጠረጴዛው ሊንሸራተት ሲል ጎሚስታው ሳይነገረው በሁለት እጁ ያዘው። እሳቸው ያዶለዱማሉ፣ እሱ ይይዛል። ቀና ብለው አላዩትም፤ እሱም ጠዋት ስለ ሞረድ ያለውን አላነሳም።

«በሞረድ እንዳይመስልህ፤» አሉት እሳቸው፣ ነገሩ ገብቷቸው።

«አልመሰለኝም።»

«ይኸ ጫፍ የተሾለው ለእኔ እጅ ነበር። የእኔ እጅ ከእንግዲህ ምላጭ አይይዝም። መሣሪያ ደግሞ ለያዘው ሰው ነው የሚስማማው።» ምላጩን አገላብጠው አዩ፤ እሾሁ ጠፍቶ ጫፉ እንደ ጥፍር ክብ ሆኗል። የጎሚስታውን መዳፍ ገለበጡና በጫፉ ተጫኑት። «ይወጋል?»

«አይወጋም።»

«በል እንካ። ጨርሰህ ስትነክረኝ ደግሞ ውሃው ሙቅ ይሁን።»

ልጃቸው ወደ ካውያዋ ተመለሰች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው አንዱን እጅጌ ብቻ ደጋግማ ተኮሰች። ጎሚስታው ምላጩን ጠረገ፣ የቆየውን አረፋ አነሣ፣ አዲስ ቀባ። እጁ ጸጥ ብሏል። የግራ ጉንጫቸውን ሊወጥር ሲል ጋሽ ዝምታ ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሉትና አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። ጉሮሯቸው በነጭ ጢም ተሸፍኖ ከፊቱ ተዘረጋ። ሁለቱን እጆቻቸውን ከፎጣው ሥር አውጥተው በወንበሩ ክንዶች ላይ አስቀመጧቸው፤ እንደፈለጉ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

«አንቺ፣» አሉ ለልጃቸው፣ «መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዙሪው። ካየሁ እናገራለሁ።»

መስታወቱ ዞረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጎሚስታው ክርኑን ከፍ አደረገ።